ቀይ ብዕርና አንዲት ‹ዘይ›

ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩትን መምህር ተማሪዎቻቸው «ቀይ ብዕር» ይሏቸው ነበር። ጡረታ ወጡ፤ ባለቤታቸውም አረፉ፤ ብዕሩ ግን ሥራ አልፈታም። ጋዜጣ ያርማሉ፣ የመድኃኒት መመሪያ ሳይቀር ያርማሉ። አንድ ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ የሚመሽባቸው ቀን ብዙ ነው።

ሌላ ከተማ የምትሠራው አንዲት ልጃቸው፣ ከትንሽነቷ እንዳስለመዷት፣ በእንግሊዝኛ ትጽፍላቸዋለች። አንድ ቀን «ጎረቤቴ ታመዋል፤ ሰው ስለሌላቸው የማስታምማቸው እኔ ነኝ» ብላ ላከች። ጎረቤቷን ‹ዘይ› ብላቸዋለች፤ መምህሩ ሲያስተምሩ ‹ዘይ› ማለት ‹እነሱ› ነበር። መልሳቸው አንድ መስመር ሆነ፦ «ለአንድ ሰው ‹ዘይ› አይባልም።»

ልጅቷ ዝም አለች። ሁለት ወር ሙሉ።

የሚያዋራቸው ሲጠፋ ቤተ መጻሕፍት መዋል ጀመሩ። እንግሊዝኛ ለምን እንደሚለዋወጥ የሚያትት መጽሐፍ አገኙና ስህተት ሊለቅሙበት ተቀመጡ። አንዱ ሊቅ ምላስ ድካም ስለማይወድ ነው ይላል። ሌላው ልጆች የወላጆቻቸውን ቋንቋ እንዳለ ስለማይረከቡ ነው ባይ ነው። ሦስተኛው፣ ሰው አብሮት የሚውለውን ሰው አነጋገር ሳያውቀው ይይዛል ይላል። እዚህ ላይ ሲደርሱ ማንበቡን አቆሙ። የሳቸው እንግሊዝኛ ስንት ዓመት ሙሉ ፍንክች አላለም፤ እስከዚያች ቀን ይኮሩበት ነበር።

«እንዴት ነው መጽሐፉ፣ ጋሼ?» አለች የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ።

«ዛሬ ‹አንተ› የምንልበት ‹ዩ› እንኳ ድሮ ‹እናንተ› ማለት ነበር ይላል።»

«ምን ይገርማል? እኛስ አንድን ሰው ‹መጡ፣ ሄዱ› እንል የለ? አክብረን ነው እንጂ መቁጠር አቅቶን ነው?»

መምህሩ መጽሐፉን መለሱላት። ቤት ገብተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ለልጃቸው «ጎረቤትሽ እንዴት ናቸው» ብለው በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ በ‹ዘይ›፣ ያውም ያለ ጥያቄ ምልክት።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

«አባዬ፣ ደህና ነህ? ስልክህን ሰው ወሰደብህ እንዴ?»

«ኧረ እኔው ነኝ።»

ሳቀች። ሳቋን ከሰሙ ቆይተዋል።

«ጎረቤትሽስ?»

ሳቋ ቀጥ አለ። «ሞቱ እኮ፣ አባዬ። ባለፈው ወር። ቀባሪው አራት ሰው ብቻ ነበር።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር። እንዳልሳሳት ስፈራ ተውኩት።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉ መምህሩ። «እስቲ ስለሳቸው ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ቆርቆር አድርገው ሰላም ይሏት ነበር። አሁንም በዚያው ሰዓት ትነቃለች።

የምሳ እረፍቷ አለቀና ተሰነባበቱ። መምህሩ ግን ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ ብዙ ቆዩ።