የላምባው በርሜል

የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ደምመላሽ እጁን በሱሪው ጠርጎ እንደገና አሸተተው። አሁንም ይወዛል። ቤንዚን ቢሆን ጣቱን አቀዝቅዞ፣ ወዲያው ተንኖ በደረቀ ነበር።

"ምነው፣ ሚስትህ ሽቶ ቀባችህ እንዴ?" አለው መካኒኩ አቶ ጎሹ፣ ወደ አውሮፕላኑ መሰላል እያለፈ።

"የለም፣ ጋሼ" አለ ደምመላሽ። ሌላ ቃል ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ አቶ ጎሹ ግን ወጥቶ በሩን ዘግቶት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ካርታ ለሚያነሱት ሰዎች ሄሊኮፕተር የሚሆኑ የላምባ በርሜሎች ወደ ጎባ መጥተው ነበር። ያን ጊዜ አቶ ጎሹ ሁለቱን ዓይነት ሞተሮች እንዲህ ብሎ አስረድቶት ነበር፦ "ይሄ የኛው በፒስተን ነው የሚሠራው። እንደ ባሌ ፈረስ ይረግጣል፣ ቤንዚን ይጠጣል። ያኛው ተርባይን ነው፤ እንደ ወፍጮ መዞር ብቻ፣ ላምባ ይበቃዋል። የወፍጮውን ለፈረሱ ብታጠጣው፣ ጥቂት ሄዶ ይወድቅብሃል።"

ደምመላሽ የላምባውን በርሜሎች ለመለየት ቀለም ቢያጣ በኖራ መስቀል አደረገባቸው። ትናንት ማታ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ከብት ከሜዳው ከሚያባርረው ከሁንዴ ጋር ሁሉንም ወደ አንድ ጣሪያ ሥር አስገባ። ጠዋት ኖራው አልነበረም። ይሄ ነው፣ ያ ነው ሲል አብራሪው "ቶሎ በል!" ብሎ ጮኸበት፤ አንዱን ከፍቶ ወደ አውሮፕላኑ ቀዳ።

አሁን ሞተሮቹ ተነሥተዋል። በቧንቧው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ያስነሣቸዋል፤ ይሄንንም አቶ ጎሹ ነው የነገረው። ከመስኮቱ ወይዘሮ ሸዋርጋ የታመመ ልጇን አቅፋ ትታያለች። ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት ለመብረር ከሮቤ በሌሊት ነው የመጣችው።

ሁንዴ ፈረሱን እየጋለበ ከሜዳው ጫፍ ደረሰ። "ያ ደምመላሽ! ሎን ሁንዳ ባሴራ! ከብቱን ሁሉ አውጥቻለሁ፤ አንዲት ጥጃ እንኳ የለችም!"

ሜዳው ባዶ ሲሆን ነጩን ባንዲራ ማንሣት የደምመላሽ ሥራ ነበር። ነጩ ካልተነሣ አብራሪው አይንቀሳቀስም። ቀዩ የሚነሣው ከብት ሲገባ ነው።

"አንሣ እንጂ! እጅህን በረደህ?" አለው ሁንዴ።

ደምመላሽ ቤቱን አየ። ቤቱ የሜዳው ዘበኛ ቤት ነው፤ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ ይሄዳል፤ ሚስቱ ገና አራስ ናት። ምናልባት ቤንዚን ይሆን? እጁን እንደገና አሸተተ። ትናንት ማታ ኩራዝ ሲሞላ የሸተተው ሽታ ነበር።

ነጩን ባንዲራ እግሩ ሥር ጥሎ ቀዩን አነሣ።

አብራሪው ቀዩን አይቶ ሞተሮቹን አጠፋ። በሩ ተከፈተና አቶ ጎሹ ብቅ አለ። "የታል ከብቱ? አብደሃል?"

"ከብት የለም፣ ጌታው!" አለ ሁንዴ ግራ ተጋብቶ። "ሁሉንም እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ በርሜሉንም ትናንት ያስገባሁት እኔ ነኝ!"

"የምን በርሜል?" አለ አቶ ጎሹ፤ ፊቱን ወደ ሁንዴ አዞረ።

ደምመላሽ ወደ መሰላሉ ሄደ። እጁን ወደ አቶ ጎሹ አፍንጫ ከፍ አድርጎ ዘረጋ።

"እሱ አይደለም፣ ጋሼ" አለ። "የቀዳሁት እኔ ነኝ።"