ቀኑ ያለፈበት ወፍ

ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመት ቢያልፈውም ሰፈሩ አሁንም «ተቆጣጣሪው» ነው የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባቡር ላይ ቲኬት ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ ከቲኬቱ በፊት የተሳፋሪውን ፊት ያያል፣ ከፊቱ በፊት ደግሞ ጫማውን። ሚስቱ «እኔንም ያገባኸኝ አገላብጠህ ካየኸኝ በኋላ ነው» እያለች ትቀልድበታለች። ቀልድ ይምሰል እንጂ ሳትጠረጠር ውላ ያደረችባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው።

ይህ ሰው የማይጠረጥረው አንድ ሰው ብቻ ነበረው፤ ሰዓት ሠሪው። አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ያደጉ ናቸው። ሰዓት ሠሪው አላገባም፣ አልወለደም፤ የተቆጣጣሪውን አንዲት ሴት ልጅ ግን እንደ ራሱ ልጅ አይቶ ነው ያሳደጋት። እሷም ሩቅ አገር ከሄደች ወዲህ አንድ ደብዳቤ ለ«አባዬ»፣ አንድ ለ«ጋሼ» መጻፍ አላቋረጠችም። ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ሁለቱም ቴምብር ይሰበስባሉ፤ ያለችበት አገር ቴምብር ላይ ደግሞ ልዩ ልዩ ወፎች አሉ፣ እሷም ለሁለቱ ስትል ወፎቹን እየመረጠች ትለጥፋለች።

ችግሩ ከፖስታው ላይ ማንሣቱ ነው። የድሮው ቴምብር ውኃ ውስጥ ሲነከር በገዛ ፈቃዱ ይለቅ ነበር። የዛሬው፣ ያ በራሱ የሚለጠፈው፣ ለውኃ ደንታም የለው፤ ቀኑን ሙሉ ብትነክረው ወረቀቱ ይላቁጣል እንጂ ሙጫው ንቅንቅ አይልም። ተቆጣጣሪው የመጀመሪያውን ወፍ በጥፍሩ ሊልጥ ሞክሮ ጭራውን ፖስታው ላይ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ሥራው የሰዓት ሠሪው ሆነ። የሰዓት ዕቃ የሚያጥብበት ነጭ ቤንዚን አለው፣ ወረንጦ አለው፣ ከሁሉም በላይ እጅ አለው። የፖስታውን ጥግ ሰፋ አድርጎ ይቆርጣል፣ ቴምብሩን በፊቱ ይደፋል፣ በወረቀቱ ጀርባ ሁለት ሦስት ጠብታ ቤንዚን ጠብ ያደርጋል። ወረቀቱ ርሶ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ከጥግ ይዞ ቀስ እያለ ይገፈዋል። «ቴምብሩን ከወረቀቱ ላይ አይደለም፣ ወረቀቱን ከቴምብሩ ላይ ነው የምታነሣው» ይል ነበር። በመጨረሻ የሚያጣብቀውን ጀርባ የሕፃን ፓውደር ነስንሶበት ያስረክባል።

አንድ ጠዋት ተቆጣጣሪው አልበሙን ሲያገላብጥ ዓይኑ በቅርቡ በገባ ሰማያዊ ወፍ ላይ ቆመ። የፖስታ ቤቱ ማኅተም ላይ ያለው ዓመት የዓምና ነው። ደብዳቤው የመጣው ግን ባለፈው ሳምንት። መነጽሩን ጠረገ፣ አጉሊ መስታወት አመጣ። ዓምና! ቀኑ ባለፈበት ቲኬት የተሳፈረ ሰው ሲይዝ ይሰማው የነበረው ያ ሙቀት ከሆዱ ተነሥቶ ጆሮው ድረስ ወጣ። የቀሩትንም አየ። በስድስት ወር ውስጥ ለሰዓት ሠሪው ከሰጣቸው ሰባት ወፎች የሰባቱም ቀን የቆየ ነው።

«ቀይሮብኛል» አላት ሚስቱን።

«ምኑን?»

«ወፎቼን ነዋ! የእኔን ወስዶ የራሱን አሮጌ ሰጥቶኛል።»

«ያው ወፍ፣ ያው ሥዕል። ታዲያ ምን ጎደለብህ?»

«ካልተጠቀመ ለምን ይቀይራል? የእኔዎቹ ላይ አንድ ነገር አይቷል። የኅትመት ስሕተት ይሆናል፤ እንደዚያ ያለ ቴምብር ስንት ሰው ሲያሳድደው የሚኖር ነገር ነው።»

«ሂድና ጠይቀዋ፣ አንተ ሰውዬ! ስድሳ ዓመት የምታውቀው ሰው አይደለም እንዴ?»

«ጠይቄ ላስጠነቅቀው? እጅ ከፍንጅ ነው የምይዘው።»

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ወዲያ ማስረጃው በየአቅጣጫው ይጎርፋል። ድሮ ሰዓት ሠሪው እፊቱ አስቀምጦ፣ እያጫወተው ነበር የሚያነሣለት፤ አሁን «ተወው፣ ነገ ትወስደዋለህ» ነው መልሱ። ድሮ ጨብጦት ነበር የሚቀበለው፤ አሁን እጁን ከካፖርቱ ኪስ አያወጣም። ሻይ እንጠጣ ሲሉት እንኳ «አሁን ጠጥቼ» ይላል። እጁን የሚደብቅ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው፤ ተቆጣጣሪው በዚህ አንድ ነገር ተሳስቶ አያውቅም።

በሳምንቱ አዲስ ደብዳቤ መጣ። ወፉ ደረተ ቀይ ነው። ተቆጣጣሪው ፖስታውን በደረት ኪሱ ይዞ ሆን ብሎ ሰው የሚበዛበትን ሰዓት መረጠ፤ ምስክር ፈልጎ ነው።

ሱቋ ጠባብ ናት። አንዲት ነርስ የቆመባትን የእጅ ሰዓት ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች፤ ከኋላዋ አንድ ጎልማሳ የአባቱን የኪስ ሰዓት በመሐረብ ጠቅልሎ ይዟል። ተቆጣጣሪው ሁለቱንም አልፎ ፖስታውን መስታወቱ ላይ ዘረጋው።

«አንሣልኝ።»

«እሺ፣ አስቀምጠው። ነገ...»

«ነገ አይደለም። አሁን። እዚሁ፣ እያየሁህ።»

ሰዓት ሠሪው ቀና ብሎ አየው። «ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ወንድሜ። ዛሬ ይለፈኝ።»

«ይጠብቃሉ! የሰባቱን ወፎቼን ቀን አይቼዋለሁ። ሁሉም የዓምናና የካቻምና ነው። ቀይረህብኛል አልቀየርክም?»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። ሰዓት ሠሪው ከንፈሩን ነከሰና «ቀይሬአለሁ» አለ።

«ሰማችሁ? በአፉ ነው ያመነው!» ተቆጣጣሪው ወደ ምስክሮቹ ዞረ። «ሌባ ካልሆንክ እንግዲያው አሁን እፊታችን አንሣ።»

ሰዓት ሠሪው እጆቹን ከኪሱ አወጣ።

መጀመሪያ የተሰማው የጠብታ ማንጠባጠቢያው ነው፤ የቤንዚኑን ጠርሙስ አፍ ትክ፣ ትክ፣ ትክ ያደርገው ጀመር። ሦስት ጠብታ የነበረው ግማሽ ጠርሙስ ሆኖ ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ። በግራ እጁ ቀኙን ያዘ፤ ግራውም ባሰበት። ወረንጦውን አነሣ፣ ጣለው፣ ደግሞ አነሣው። ተቆጣጣሪው «ተወው» ሊል አፉን ሲከፍት የወረንጦው ጫፍ ወረቀቱን ስቶ ወፉን ከአንገቱ በላይ ቀደደው።

ነርሷ እጇን ዘርግታ ሰዓቷን ቀስ ብላ ከባንኮኒው ላይ አነሣች። «ሌላ ቀን እመለሳለሁ፣ ጋሼ» አለች፤ እንደማትመለስ ሦስቱም ወንዶች ያውቃሉ። ጎልማሳው መሐረቡን ሳይፈታ ተከትሏት ወጣ።

ሰዓት ሠሪው መሳቢያውን ሳበና የክብሪት ቀፎ አውጥቶ ገለበጠው። ሰባት ወፎች፤ አንዱ ክንፍ የሌለው፣ አንዱ ፊቱ የተፋቀ፣ ሁሉም ማኅተማቸው የዘንድሮ። ከጎናቸው የራሱን አልበም ዘረጋ። ልጅቷ «ለጋሼ» ብላ ከላከቻቸው መሐል የሰባቱ ቦታ ባዶ ነው።

«መንቀጥቀጥ ከጀመረኝ ስድስት ወር ሆነኝ» አለ። «ጥቃቅኑን ሥራ ከተማው ጫፍ ላለ ሠሪ እየወሰድኩ ነው የማሠራው። እጄ እንዲህ መሆኑ ከታወቀ ማን ሰዓቱን ይሰጠኛል ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ያንተን አበላሸሁብህ፤ የልጅቷ ነውና ከእኔው አውጥቼ ሞላሁልህ። ቀኑን ታያለህ ብዬ አላሰብኩም።» የተቀደደውን ደረተ ቀይ ከሰባቱ ጋር ጨመረው። «ሌላውን ሰው ነበር እንዲህ የምታየው።»

ተቆጣጣሪው ሠላሳ ዓመት አንድም ተሳፋሪ ይቅርታ ጠይቆ ስለማያውቅ ቃሉ ከየት እንደሚጀመር ጠፋው። የሚያደርገው ቢያጣ የእጁን ሰዓት ፈታና ቤንዚኑ ባልነካው በኩል አስቀመጠው።

«ይሄ ነገር... ትንሽ ይዘገይብኛል። እስቲ እይልኝ።»

ሰዓት ሠሪው በሁለት እጁ ደግፎ ወደ ጆሮው አስጠጋው። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ጆሮው ግን እንደ ድሮው ነው። አዳመጠ፣ አዳመጠ፣ ከዚያ መልሶ አቀበለው።

«ደህና ነው የሚሠራው» አለ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «ከተጠራጠርክ ግን ሌላ ሰው ጋ ወስደህ አሳየው።»