ጠባሳ የሌለው ቁንጭር

ቁንጭር ቆዳ ላይ ወጥቶ ጠባሳ ሳይተው አይለቅም። ይህን ለማወቅ በቾ ቦሬ ሰፈር ለተወለደች ሴት ዶክትሬት አያስፈልጋትም። እኔ ግን አሥራ ሁለት ዓመት የደከምኩበት ሕክምና አጋሮ ላይ ተሞክሮ፣ ከአሥራ አራት ታማሚዎች አሥራ አንዱ «ድነዋል፤ ጠባሳ የላቸውም» የሚል ወረቀት ሲመጣልኝ እልል አልኩ። ወረቀቱን የሞላችው አዲሷ ነርሳችን ሶሲ ናት።

ሕክምናው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከታማሚው ነጭ የደም ሴል ይወሰዳል፣ ላብራቶሪ ውስጥ የቁንጭሩን ተውሳክ እንዲለይ ይሠለጥናል፣ ተመልሶ ለባለቤቱ ይሰጣል። ሲሠሩት ግን ዕድሜ ይበላል፤ የኔን በልቷል። ውጤቱ ካማረ ሁለት መቶ ሰው እናክማለን ተብሎ ስለነበር፣ የደም ምርመራውን እንኳ ሳልጠብቅ ሪፖርቱን ሐሙስ ለገንዘብ ሰጪዎቻችን ላክኩ።

ዓርብ ምርመራው ደረሰ። ከአሥራ አንዱ በአንዳቸውም ደም ውስጥ የሠለጠነ ሴል የለም። ይባስ ብሎ የአቶ አብዱልሰመድ የደም ዓይነት ከኦ ወደ ኤ ተቀይሯል። ደም እንደ ሸሚዝ ይቀየራል እንዴ! ሶሲ ላይ ጮህኩባት፤ «ሰዎቹን በመልክ አላውቃቸው፤ በያዙት ካርድ ቁጥር ነው የሠራሁት» ብላ አለቀሰች። መኪናዬን አስነስቼ አጋሮ ሄድኩ።

አቶ አብዱልሰመድን ያገኘኋቸው ቡናው መሀል ነው። ለቀማ ደርሶ አገሩ ሁሉ ደቦ ላይ ነበር።

«ለመጨረሻው ምርመራ በቀጠሮው ቀን ክሊኒክ የመጡት እርስዎ ነዎት?»

«ኧረ እኔ የጎረቤት ደቦ ነበረብኝ። ግን ቀኔን አላስበላሁም ዶክተር፤ ወንድሜን ሱፊያንን ልኬልሻለሁ። ጤነኛ ነው፤ ደሙም ብዙ ነው።»

«ሌሎቹስ?»

«ሁላችንም ሰው ላክን። ቃል ሰጥተን እንቀራለን እንዴ? ወላሂ ነውር ነው።»

ደቦ የተጠራ ሰው ካልተመቸው ከቤቱ ሰው ይልካል፤ የማይልክ ይታማል። እኔስ ይህን አጥቼው ነው? ቀጠሮውን ቡናው ቀልቶ በሚለቀምበት ወር የያዝኩት ራሴ ነኝ። በማን ልፍረድ?

«እግርዎን ያሳዩኝ» አልኩ።

ሱሪያቸውን ጠቀለሉ። ቁስሉ የሠለጠነውን ሴል ከሰጠኋቸው ከመጋቢት ወዲህ በእጥፍ ሰፍቷል።

«ሱፊያንን ድነሃል አለችው ነርሷ» አሉ፣ ሳይቀልዱ። «እሱ እኮ ታሞም አያውቅ። ማሎ፣ እባክሽ ዶክተር፣ እኔ የምድነው መቼ ነው?»

«መድኃኒቴ አልሠራም አባቴ» አልኳቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለራሴም ብዬው አላውቅም ነበር።