ሱሪውን አስተኩሶ

እኔና ሸንበቆ የሆቴሉን አንሶላ ስናጥብ ነው ዕድሜያችንን የጨረስነው። ሸንበቆ ያልኳት ለቁመቷ ነው። እሷም በቋንቋዋ «ድስት» ትለኛለች፤ ለምን እንደሆነ ያየኝ ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ከወንዙ ማዶ ናት፣ ልብስ ተኳሿ ከቆላ፣ ሌሎቹም ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ በአራት ቋንቋ እንሳደባለን፣ በአራት ቋንቋ እንታረቃለን።

እርጥብ አንሶላ የሚጠመዘዘው ለሁለት ነው። እኩል ካልጠመዘዙት የአንዷ እጅ ወለም ይላል። ስለዚህ እየዘፈንን፣ የዘፈኑ ቤት ሲመታ አብረን እንጠመዝዛለን። መጀመሪያ ስንገናኝ ቃል አንግባባም ነበር፤ ያግባባን የእሷ ዘፈን ነው።

አዲሱ ተቆጣጣሪ ባለፈ ቁጥር ሴቶቹ ሲስቁ ነገሩ ከነከነው። «በማይገባኝ ቋንቋ የሚዘፍን ይባረራል» ብሎ አወጀ። ሸንበቆ በማግስቱ በቋንቋዋ ዘፈነች። ታዲያ ምን ታድርግ? የእናቷን ቋንቋ የት ትጣለው?

ወዲያው ቢሮው አስጠራኝ። ሌላ ጊዜ «አንቺ» የሚለኝ ሰውዬ ያን ዕለት «እትዬ» ሆንኩለት፤ ወንበርም ሳበልኝ። ሸንበቆ ስለ እሱ ምን እያለች እንደምትዘፍን ከመሰከርኩ እሷን አባሮ እኔን የክፍሉ ኃላፊ እንደሚያደርገኝ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣

«እርስዎ እኮ የኛ ሰው ነዎት» አለ።

ደሜ ፈላ። የኛ ሰው! ወገቤ ተይዞ የተኛሁ ጊዜ ልጆቼን ያበላችው ሸንበቆ የማን ሰው ሆና ነው? ሞቼ ነው ቆሜ አልኩ በሆዴ። «ና ማጠቢያው ጋ፣ እዚያ እነግርሃለሁ» አልኩት። «አንተ» ስለው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ስንገባ ሁሉም ሥራ አቆሙ። ሸንበቆ አብሬው ስመጣ አይታ ፊቷ አመድ መሰለ።

«አዎ፣ ዘፈኑ ስለ አንተ ነው» አልኩት። «እሷ ወደ ቋንቋዋ መለሰችው እንጂ፣ ግጥሙን የገጠምኩት እኔ ነኝ። የናንተው ሰው።»

እንዳይቀርበት ብዬም በገዛ ቋንቋው ዘፈንኩለት፦

ሱሪውን አስተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣
ይንጎራደዳል አሉ ሥራ ሠራሁ ብሎ።

ተኳሿ እጅ ላይ የነበረው የሱ ሱሪ ነው። ሳቋን መያዝ ቢያቅታት ካውያውን አስቀመጠች። ሌሎቹም በየቋንቋቸው ተቀበሉኝ፤ ለካ ሁሉም ተርጉመውታል። እኛን ካባረረ ክፍሉን በሙሉ ማባረር እንዳለበት ገባው መሰለኝ፣ በሩን ወርውሮ ዘግቶት ወጣ።

ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። በሥራ ሰዓት በየትኛውም ቋንቋ መዝፈን ክልክል ነው ይላል፤ የራሱን ቋንቋ እንኳ አልማረም። አንብቤ ለሸንበቆ ነገርኳት። አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ያዝንና ያንኑ ዘፈን በፉጨት ጀመርን። አሁን ምን እንደምንል እሱም ያውቀዋል።