ቴጊድ ብቻውን የዘመረበት ምሽት

እሑድ ጃንዋሪ 8 ቀን 2012፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኤሊኔድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከታናሽ ወንድሟ ከቴጊድ ጎን ተቀምጣ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አየች። ካፖርቷን አውልቃ ጭኑ ላይ ጣል አደረገችለት፤ ሰው በርዶት ነው እንዲል።

ቴጊድ ባንዱን ከተወ አራት ወሩ ነበር። ከሞሪስ እህትማማቾች ጋር በዌልስ ከተሞች ሁሉ ዓመታት ሲዘፍን ኖሮ፣ "ብቻዬን ልሞክረው" ብሎ ወጣ። አበረስቱዊዝ ከተማ ላይ ብቻውን መድረክ ሲወጣ ግን ዘፈን መሀል ድምፁ ከዳው፤ ጊታሩን አንጠልጥሎ በጓሮ በር ሹልክ አለ። ዛሬ መኪና ውስጥ፣ "በአባባ ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ቆሜ አንድ መዝሙር ካልጨረስኩ፣ ነገ አሳታሚዎቹ ጋ ደውዬ ብቻዬን የጀመርኩትን አልበም ሰርዙት እላቸዋለሁ" አላት። የምሩን እንደሆነ ገባት።

"ከዚያስ ምን ልትሠራ?"

"ባልሽ የበግ መኖ የሚጭንለት ሰው ይፈልግ የለ?"

"አንተ? ጆንያው አንተን ይጭንሃል እንጂ!"

ፕለጋይን የሚሉት የዌልስ የገና ሰሞን የመዝሙር ምሽት እንዲህ ነው፦ ስም የሚጠራ የለም፣ መሣሪያ የለም፣ ጭብጨባም የለም። እግሩ ያዘዘው ተነሥቶ ይወጣል፣ ዘምሮ ይመለሳል። አንዴ የተዘመረ መዝሙር ደግሞ በዚያ ምሽት አይደገምም።

ቴጊድ ያጠናው ሟች አባታቸው ይዘምሩት የነበረውን መዝሙር ነበር።

"ተነሣ አሁን" አለችው በሹክሹክታ፣ የመጀመሪያዎቹ ዘማሪዎች ተመልሰው ሲቀመጡ።

"ቆይ እትዬ፣ ትንፋሼ ይመለስ።"

"ትንፋሽህን እዚያው ታገኘዋለህ።"

"ቆይ አልኩሽ!"

መቆየቱ ነው ጉድ ያደረገው። ከላይኛው ሸለቆ የመጡ ሦስት ገበሬዎች ተነሡ። ሽማግሌው ጉዊሊም የዜማውን መነሻ ድምፅ የምትሰጠውን ሹካ መሳይ ብረት ጉልበታቸው ላይ መታ አድርገው ወደ ጆሯቸው አስጠጉ። የመጀመሪያው ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ኤሊኔድ የቴጊድን ክንድ ያዘች። የአባቷ መዝሙር ነው። ክፋት አልነበራቸውም፤ ወዳጃቸው፣ አባቷ፣ ከሞቱ ወዲህ ማንም ስላልዘመረው፣ ተረስቶ እንዳይቀር ብለው ነው።

ቴጊድ ፊቱ አመድ መሰለ። "ሌላ አላውቅም" አላት። "የቀረው ሁሉ ከሞሪስ ልጆች ጋር የዘመርኩት ነው።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች። ዋናውን ዜማ የሚይዙት እህትማማቾቹ ነበሩ፤ እሱ ከሥር ሆኖ የሚደግፍ ድምፅ ነበር። አበረስቱዊዝ ላይም ድምፁ የከዳው እነሱ የሚገቡበት ቦታ ሲደርስ ነው።

"በቃ እንሂድ" ልትለው አፏን ስትከፍት ካፖርቷ መሬት ወደቀ። ቴጊድ ተነሥቶ ነበር።

ፊት ቆሞ ሁሉም የሚያውቀውን አንድ የገና መዝሙር ጀመረ። ቃሉ ያው ነው፤ ዜማው ግን የለም። የሚዘምረው ያንኑ የሥሩን ድምፅ ብቻ ነው፤ ጣሪያ የሌለው ቤት ይመስላል። ኤሊኔድ ጥፍሯን መዳፏ ላይ ተከለች። ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ዋናውን ዜማ ሊያነሡለት ትንፋሽ ሳቡ፤ ወግ አይፈቅድምና ዋጡት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀና ቆመ። አለቀ፣ አለች በልቧ። እሱ ግን አየር ሳበና ቀጠለ፤ እስከ መጨረሻው ስንኝ ድረስ።

ማንም አላጨበጨበም። ደንቡ ነው። ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ይውደዱት ይጥሉት ማን ያውቃል?

በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይና የካም ሳንድዊች ሲዞር ጉዊሊም መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ዜማውን የት ጥለኸው መጣህ?"

"ከልጆቹ ዘንድ ቀርቷል፣ ጋሽ ጉዊሊም።"

"እኔማ በሆዴ ስሞላልህ ደከመኝ!"

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። ቴጊድ አልሳቀም። "መጥፎ ነበር?"

ሽማግሌው ሳንድዊቻቸውን አላምጠው ዋጡ። "እንጃ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።"

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ "እንጃ ማለት ምን ማለት ነው?" እያለ ነዘነዛት።

ሰኞ አልበሙን ሰርዙት ብሎ አልደወለም። ብቻውን የሠራው አልበም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወጣ። ሁለተኛውን ሳይጨርስ በ2016 በሳንባ ካንሰር ሞተ።