ግድግዳ አይነቃነቅም

ጀይላን ክርኑን ወደ ጎኑ ሰብስቦ ሞተሩን በሁለት ሚኒባሶች መሐል አስገባ። ወደ ሐረር በር የሚወስደው አስፋልት ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ከኋላው አክስቱ አዴ ናፊያ በነጠላ የታሰሩትን የግድግዳ ጌጥ የሰንደዶ ስፌቶች በአንድ እጃቸው አቅፈው፣ በሌላው የእሱን ጃኬት ጨምድደው ይዘዋል።

"ይጠባል!" አሉ።

"ጀጎል ውስጥ ከዚህ በሚጠበው አልፋለሁ፣ አዴ።"

አፉን ሳይዘጋ የግራው ሚኒባስ በር ተከፈተ። ረዳቱ አንድ እግሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ደነገጠ። ጀይላን ፍሬን ያዘ። ሞተሩ ቆመ፤ ከነጠላው ውስጥ ግን አንዱ ስፌት አፈትልኮ በጠርዙ እየተንከባለለ በመኪኖቹ መሐል ሄደ።

"ያ ረቢ! የሙሽራዋ ስፌት!"

ሙሽራዋ አሚና ናት፤ የጀይላን ልጅ። የባሏ አክስቶች ከዙሁር ሶላት በኋላ የምትገባበትን ቤት ሊያዩ ይመጣሉ። ስፌቶቹ ከዚያ በፊት ግድግዳው ላይ መሰቀል አለባቸው። ባዶ ምስማር ካዩ ወሬው ከአሚና የመጀመሪያ ልጅ ቀድሞ ይወለዳል። አዴ ናፊያ ክረምቱን ሙሉ ሐኪም ተራራ ላይ ባለው ቤታቸው ተቀምጠው የሰፏቸው ለዚህ ነው።

ስፌቱን ያነሳው ትራፊኩ ኒቆዲሞስ ነበር። በእጅጌው አቧራውን ጠርጎ ለአዴ ናፊያ ሰጣቸው። ጠርዙ አልተጎዳም። ከዚያ ወደ ጀይላን ዞረ።

"አሁንም አንተ?"

"ቦታ አለ ብዬ ነው።"

"ባለፈው ስይዝህ ምን አልኩህ?"

"ከደገምክ መንጃ ፈቃድህን እወስዳለሁ አልክ።"

ጀይላን የሚተዳደረው በሞተሩ ነው። መንጃ ፈቃዱ ከተወሰደ ከሠርጉ ማግስት ቤት መቀመጡ ነው። ቢሆንም ዝም ማለት አልሆነለትም።

"እሺ፣ ይሄ መንገድ ጠባብ ነው። ሁለት ረድፍ ባለው በሰፊው መንገድስ? እዚያ በመኪኖቹ መሐል ያለው ክፍተት ሰው ያስተኛል እኮ!"

"እዚያም ያው ነው። ክፍት ስላየኸው ብቻ ያንተ አይሆንም። በር ለሚከፍተው፣ ድንገት ለሚታጠፈው የተተወ ነው።"

"ጀጎል ውስጥ ማንም አይከለክለኝም።"

"ጀጎል ውስጥ ግራና ቀኝህ ግድግዳ ነው። ግድግዳ አይነቃነቅም። በርም አይከፍትብህም።"

ረዳቱ ሳቀ። "የኔ በር ግን ይከፈታል፣ አቦ!"

"አንተም ሳታይ አትክፈት!" አለው ኒቆዲሞስ። ሳቁ ተቋረጠ።

አዴ ናፊያ ከሞተሩ ወረዱ። "ልጄ፣ ቅጣው። ወላሂ፣ አናቱ ከሞተሩ ይብሳል። ግን ከሠርጉ በኋላ ይሁን።"

ኒቆዲሞስ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቅ ሊያመልጠው ነበር። "ለእርስዎ ስል ነው፣ አዴ። አንተ፣ ተመለስና ከዚያ አይሱዙ የጭነት መኪና ኋላ ቁም። ዛሬ በመሐል ስትሹለክ ካየሁህ መንጃ ፈቃዱ እኔ ጋ ይቀራል።"

"በእግር መሄድም ይከለከላል?" አሉ አዴ ናፊያ።

"በዳር በዳሩ ይሂዱ። ማንም አይነካዎትም።"

ስፌቶቹን አጥብቀው አሰሩና አናታቸው ላይ አስቀመጡ። ወደ ኋላ እንኳ ሳያዩ፣ ከቆመው መኪና ሁሉ ቀድመው፣ በሐረር በር ገቡ።

ጀይላን ከአይሱዙው ኋላ ቆመ። ጭሱን ማገ። አንድ የሚያውቀው ሞተረኛ በጎኑ እየተሹለከለከ መጣና፣ "ና እንጂ! ትራፊኩ ፊቱን አዙሯል!" አለው።

ጀይላን አየ። እውነትም አዙሯል። ክፍተቱም ሰፊ ነው። የሚኒባሱን በር አሰበ፤ ከበሩ ይልቅ ደግሞ የረዳቱን እግር። ጎማው ሊደርስበት የቀረው አንድ ጣት ቢሆን ነው።

"ሂድ አንተ" አለው።

መኪናው ሁሉ እየተንፏቀቀ በሐረር በር አለፈ። ፈረስ መጋላ አደባባይ ሲደርስ ጀይላን አስፋልቱን ትቶ ወደ ጠባቡ የጀጎል የድንጋይ መንገድ ታጠፈ። እዚህ ረድፍ የለም፤ ትራፊክም የለም። ግድግዳው አዲስ ኖራ ተቀብቷል። ደስ አለውና ነዳጅ ሰጠ።

ኩርባው ላይ አዴ ናፊያን አገኛቸው። ስፌቶቹን ተሸክመው በመንገዱ እኩሌታ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። በቀኛቸው በኩል ለሞተር የሚበቃ ክፍተት አለ። ስንት ጊዜ በእንዲህ ያለው አልፏል። እጁ ወደ ክላክሱ ሄዶ ተመለሰ።

"ማነው?" አሉ ሳይዞሩ።

"እኔ ነኝ፣ አዴ።"

"ቦታ አለ፣ እለፍ። እኔ አልቸኩልም፣ ዙሁር ገና ነው።"

"አለ" አለ ጀይላን። ሞተሩን አጠፋ። ወረደና እየገፋ ከኋላቸው ተከተለ።