ወረቀት የምታልፍበት ክፍተት

«ጠጋ በይ እንጂ፣ ሰው ይቀመጥበት» አለች አክስቷ፣ ልጅቷን በክርኗ ወደ ግድግዳው እየገፋች። ከዚህ ወዲያ መጠጋት ግድግዳው ውስጥ መግባት ነው። በቀኟ አክስት፣ በግራዋ ግድግዳ፣ ከፊቷ የለቀስተኛ ጉልበት። ወደ አባቷ ወርክሾፕ የሚያስገባው በር ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ነው፤ እዚያ ለመድረስ የሰፈሩን ሰው እግር ሁሉ መርገጥ ያስፈልጋል።

ሟቹ አባቷ የጠመንጃ ሰደፍ ሠሪ ነበሩ። ሰፈሩ ግን «ጋሽ ሚሊሜትር» ነበር የሚላቸው፤ ሻይ ሲቀዳላቸው እንኳ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ብርጭቆው እኩል መሙላቱን የሚያዩት።

«እንባ እንኳ የላትም» አለች አክስት ለጎረቤቷ በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ ደግሞ እስከ ውጭ በር ይሰማል። «ስንት ዘመን አብራው ሠርታ! ከድንጋይ ነው እንዴ የተሠራችው?»

እውነት ነው፣ አላለቀሰችም። አባቷ ተቀይመዋት ይሁን መርቀዋት ሳታውቅ ምን ብላ ታልቅስ?

ወሬዋን የነገረቻቸው ሁለቱም ጠመንጃ በሚታሰርበት ሞርሳ ላይ እንዳጎነበሱ ነበር። ወፍራም አፈሙዝ ያለው የውድድር ጠመንጃ መጥቶ፣ ብረቱን የእንጨት ሰደፉ ውስጥ ሊያስተኙት ነው። ጥይት የሚጎርሰው አካል በሚያርፍበት ጉድጓድ ሙጫ ይደረጋል፤ ብረቱ ተጣብቆ እንዳይቀር ሰም ይቀባል፤ ከዚያ ተጭኖ እስኪደርቅ ይጠበቃል። እስከዚህ ድረስ ይስማማሉ። ጠቡ አፈሙዙ ላይ ነው።

«አፈሙዙም ሙሉ ለሙሉ እንጨቱ ላይ ይተኛል» ይላሉ እሳቸው። «ይሄን የሚያህል ክብደት አየር ላይ ይንጠልጠል? ልጅ ማለት ነው፤ ይታቀፋል!»

«አባዬ፣ ሲተኮስ ይግላል፤ እንጨቱ ይገፋውና ዒላማ ይስታል። አካሉን አጥብቀህ ያዘው፣ አፈሙዙን ግን ልቀቀው። ወረቀት የምታልፍበት ክፍተት ይበቃል።»

«ልቀቀው! አንቺ ዘንድ መድኃኒቱ ሁሉ ልቀቀው ነው።»

ያን ቀን ግን የባሰ ወሬ ይዛ ነበር የመጣችው። «አባዬ፣ ጀልባ የሚሠራ ድርጅት ቀጥሮኛል። ሌላ ከተማ ነው። ልሄድ ነው።»

ቀና እንኳ አላሉም። «ሰሙን አቀብዪኝ» ብቻ አሉ። ከዚያ ወዲያ በሩን ከውስጥ ዘግተው ብቻቸውን ሠሩ፤ ምሳቸውን ሳይቀር በመስኮት ነበር የሚቀበሉት። በሩን ከፍተው በወጡ ማግስት ልባቸው ቀጥ አለ።

ለቅሶው ላይ ጠመንጃውን ያመጣው የተኳሾች አሰልጣኝ ገባ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ትንሽ ተቀመጠና ኮፍያውን እያሻሸ አንገቱን ደፋ። «ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ... ውድድሩ ደርሶብን ነው። ያ ጠመንጃ አልቆ ይሆን?»

ልጅቷ አፏን ሳትከፍት አጎቷ ቀደማት። «ምን ችግር አለ! እሷ አለችልህ አይደል? ወንድሞቿ እንደሆነ ብረትና እንጨት አይለዩም። ወርክሾፑን የምትይዘው እሷ ናት። ይኸው፣ ሰው ሁሉ ባለበት ቁልፉን ልስጣት። የአባትሽ ስም ሜዳ ላይ አይወድቅም፣ አይደል የኔ ልጅ?»

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። እናቷ በዓይኗ ለመነቻት። እምቢ ብትል የአባቷ መቃብር አፈር ገና አልደረቀም፤ እሺ ብትል ዕድሜዋ እዚያው ሞርሳ ሥር ያልቃል። ቁልፉ በተዘረጋው የአጎቷ መዳፍ ላይ ይጠብቃታል። 

«መጀመሪያ ጠመንጃውን ልየው» አለች። ማምለጧ ነበር።

ሰው እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። አጎቷና አሰልጣኙ ተከተሏት። ጠመንጃው ሞርሳው ላይ እንደታሰረ ነው፤ የአባቷ መነጽር አጠገቡ ተቀምጧል። አካሉን ይዛ ነቀነቀችው፤ ንቅንቅ የለም። አይ አባዬ፣ አለች በልቧ፣ አፈሙዙንም እንዲሁ አጣብቆት ነው የሄደው። ንዴት ያዛት። ሞቶም አይለቅ!

ከመሳቢያው ወረቀት አወጣችና በቀጭኑ ቀደደች። እንደማያልፍ እያወቀች ከአፈሙዙ ጫፍ ሥር ከተተችው። ገባ። ገፋ አደረገችው፤ ሄደ። ምንም ሳይነካው አፈሙዙን ሙሉ ሄዶ፣ አካሉ ጋ ሲደርስ ቆመ።

እኚያ ግትር ሰውዬ! በራቸውን ዘግተው፣ ለማንም ሳይተነፍሱ፣ ልክ እሷ እንዳለችው ሠርተውታል።

«ምነው? ተበላሽቷል እንዴ?» አለ አጎቷ ፊቷን አይቶ።

«ለቆታል» አለች። እንባዋ አገጯ ደርሶ ነበር።

«ምኑን?»

«አጎቴ፣ ይሄን ዘይት ቀብቼ አስረክበዋለሁ። ከዚያ እሄዳለሁ። አባዬ ያውቃል።»

አጎቷ ቁልፉን እንደያዘ አሰልጣኙን አየ፤ አሰልጣኙ ጣራውን አየ። ከሳሎን የአክስቷ ሹክሹክታ መጣ፦ «ኧረ አለቀሰች መሰለኝ!»

ልጅቷ ወረቀቱን ስባ አወጣችው። አንድ ዓይኗን ጨፍና ከአፈሙዙ ጫፍ ጀምራ እንደገና አሳለፈችው፤ ቀስ ብላ።